ዓይን ያወጣ ዝሆን

ስለ ከተማ ግድግዳ ሥዕሎች የሚያወራ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከቀለም ነው። ይህ የተሳሳተ አመለካከት በአስቸኳይ ሊታረም ይገባል። ከቀለሙ በፊት ሐሳብ አለ፤ ከሐሳቡ በፊት አቅጣጫ አለ፤ ከአቅጣጫው በፊት ደግሞ አቅጣጫውን የሚያስቀምጥ ሰው አለ። እኔ በከተማ ገጽታ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ይህን ሰው በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ዳይሬክተራችን ናቸው። አቅጣጫ ሲያስቀምጡ ማየት ያስቀናል። ካስቀመጡት በኋላም አንድም ቀን ተመልሰው አንስተውት አያውቁም።

መሥሪያ ቤታችን በሰፊው መንገድ ዳር በቆመ አሮጌ ሕንጻ ላይ ይገኛል። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አለ። ከታንከሩ ሥር የዳይሬክተራችን ቢሮ ነው፤ ከእሳቸው ሥር እኛ ተራ ሠራተኞቹ አለን፤ ከሁላችንም ሥር፣ መሬት ላይ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ተከራይታ ትሠራለች። ከታንከሩ የሚነሳው ቧንቧ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ የሥልጣን ተዋረዱን ጠብቆ፣ ዳይሬክተራችን ጋ ሳያፈስ፣ እኛም ጋ ሳያፈስ ይወርድና ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርስ ያፈሳል። ለምን እዚያ ብቻ እንደሚያፈስ የጠየቀ አልነበረም። ችግር ከላይ ተነስቶ ታች ሲደርስ መታየቱ ለእኛ መሥሪያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም።

ፍሳሹ ግድግዳውን በሁለት በኩል በላው። በመንገዱ በኩል ትልቅ ቡናማ እድፍ ወጣ። በሱቁ በኩል ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ሠርታ የጨረሰቻቸውን ልብሶች የምትሰቅልበት ግድግዳ ሻገተ። የስፌት መኪናዋን እግር ዝገት ጀመረው። አንድ ሙሽራ ሱፉን ሊረከብ መጥቶ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ነገር ሲያይ፣ ሠርጉን ሳይሆን ደንበኝነቱን ሰረዘ። ሴትየዋ ከዚያች ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ደረጃውን ወጥታ ዳይሬክተራችን ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ቧንቧ ካልተሠራ ሱቄን መዝጋቴ ነው። ደንበኛ እየሸሸኝ ነው። ይቺን ካጣሁ ሌላ ምን አለኝ?»

«እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው» አሉ ዳይሬክተራችን።

«ተገቢ ከሆነ ይሠራልኛ!»

«ተገቢነቱ ተይዟል።»

«ማን ጋ ነው የተያዘው?»

«እኛ ጋ።»

ሴትየዋ ቢሮውን ዞር ዞር ብላ አየች። የተያዘበትን ቦታ ስትፈልግ ነው መሰለኝ። ከዚያ ደረጃውን ወረደች።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ የበላይ አካል የላከው የገጽታ ጎብኚ ቡድን ወደ እኛ እንደሚመጣ ተሰማ። ዳይሬክተራችን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው የግድግዳው እድፍ ነበር። አንዱ ባልደረባችን ሳያስብ «ቧንቧ ሠራተኛ እንጥራ» ብሎ ተናገረ። ዳይሬክተራችን በትዕግሥት አረሙት። ቧንቧ ሠራተኛ ከመጣ ግድግዳው ይፈርሳል፤ የፈረሰ ግድግዳ ደግሞ ለጎብኚ የሚታይ ነገር አይደለም። ቀቢ ቢመጣ ግን ግድግዳው ሳይፈርስ ችግሩ ከእይታ ይወገዳል። ከእይታ የተወገደ ችግር በሪፖርታችን ላይ እንደ ተፈታ ስለሚቆጠር ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቀቢ ተፈለገ። የተገኘው የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ነበር። ይህ ሰው በየአጥሩና በየድልድዩ ሥር ሥዕል የሚሥል የመንገድ ሠዓሊ ነው። ደንብ አስከባሪዎቻችን ለዓመታት ግድግዳ አበላሸህ እያሉ ሲያሯሩጡት ስለኖሩ አድራሻውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ሊጠሩት ሲሄዱም ከልማዱ የተነሳ ሮጠ። «ና፣ ሥራ ነው!» ብለው እየጮኹ አሳድደው ነው የያዙት።

ቀለሙንና መሰላሉን ይዞ ሲመጣ አክስቱ በሱቋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ! ቧንቧ ሠራተኛ ላኩልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። አንተን ነው የላኩብኝ?»

«አክስቴ፣ ሥራ አገኘሁ። ያለ ሩጫ ልሥል ነው።»

«እኔ ሥራዬን ላጣ ነው፣ አንተ ታገኛለህ። ዘመዳሞች ነን በል።»

«እድፉን ሸፍን ነው ያሉኝ። ትናንት ማታ ጥቂት ቀለም ሞከርኩበት። አይሸፈንም፣ ቀለሙን መልሶ ይተፋዋል።»

«እሱንማ እኔን ጠይቀኝ።»

ሰውዬው ወደ ኋላ እየሄደ መንገዱን ሊያቋርጥ ደረሰና ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ግድግዳውን አየ። «አክስቴ፣ ነይ እስቲ እዚህ ሆነሽ እዪው። ዝሆን አይመስልም? ያቺ ወደ ታች የምትንጠባጠበው ኩምቢው ናት።»

አክስቱ መጥታ ጎኑ ቆመች። «እውነትህን ነው፣ ዝሆን ነው» አለች። «ታዲያ ዝሆኑ እኔ ላይ እኮ ነው የተኛው።»

እድፉን አልሸፈነውም። ሰፋፊ ጆሮ ጨመረለት፤ እግሮቹን በመስመር አወጣለት፤ በመጨረሻም አንድ ዓይን ሣለለት። ዓይኑ አንድ ያልሆነ ነገር ሠርቶ የተያዘ ሰው ዓይን ነበር። አላፊ አግዳሚው እያየው ይስቃል። ጠዋት ታንከሩ ሲሞላ ዝሆኑ ይወፍራል፤ ማታ ማታ ይከሳል። እናቶች «ወተትህን ካልጠጣህ እንደዚህ ትከሳለህ» እያሉ ልጆቻቸውን በማታው ዝሆን ማስፈራራት ጀመሩ። የሚቀጣጠር ሰው ሁሉ «ዝሆኑ ጋ» ሆነ። እኔም ሳልሸሽግ ልናገር፣ በመስኮት ብቅ እያልኩ ከላይ አየው ነበር፤ ያስደስት ነበር። መሥሪያ ቤታችን ሰው ያስደሰተበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ጎብኚዎቹ መጡ። መሪያቸው መነጽራቸውን ለማየት ሳይሆን ለማሰብ የሚያወልቁ አንዲት ባለሙያ ነበሩ። ዝሆኑ ፊት ቆመው ከጆሮው እስከ ኩምቢው ተመለከቱት። ከዚያ «የሥራው መነሻ ሐሳብ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዳይሬክተራችን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። «ዝሆን ትልቅ ነው። እኛም በየዘርፉ ትልቅ ለመሆን በቁርጠኝነት እየሠራን እንገኛለን። የዝሆን ቆዳ ወፍራም ነው። የእኛም ተቋም ለሚሰነዘርበት ትችት…»

«ሠዓሊውን ነው የጠየቅኩት» አሉ ባለሙያዋ።

የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ቧንቧው ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«መነሻው ቧንቧው ነው። ከላይ የሚወርደው። ያፈሳል፣ እድፉ ዝሆን መሰለኝ፣ ዓይን አደረግኩለት። በቃ።»

የዳይሬክተራችን ጆሮ ቀላ። እኔም ጉድ ፈላ ብዬ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ባለሙያዋ ግን መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ትሕትና!» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ሰማችሁት? ከላይ የሚወርድ ነው አለ። እኔ ሣልኩት አላለም፤ ከላይ ወረደልኝ ነው ያለው። ስንት ሠዓሊ አናግሬ እንዲህ ዓይነት መልስ ሰምቼ አላውቅም!»

«አይ፣ ቧንቧውን ማለቴ ነው እኮ…»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። አታብራራው፣ ይበላሻል።»

በዚህ መሐል ልብስ ሰፊዋ ሰው እየገፋች ፊት ደረሰች። «እመቤቴ፣ የዚህ ዝሆን ጀርባው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ልብስ የማንጠለጥልበት አጣሁ። አንድ ነገር ይበሉልኝ።»

ባለሙያዋ በፍቅር ተመለከቷት። «እንዴት የታደልሽ ሴት ነሽ! ከሥነ ጥበብ ጋር በአንድ ቤት መኖር!»

«መኖሩ ቀርቶብኝ ልሥራበት።»

ባለሙያዋ አልሰሟትም፤ ወደ ዳይሬክተራችን ዞረው ነበር። «ውሃው የሥራው አካል ነው። ፍሳሹ ከቆመ ሥራው ይሞታል። እንዳይነካ» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ዳይሬክተራችን በዚያው ዕለት መመሪያ እንዲረቀቅ አደረጉ። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠመን። በከተማው የሚያፈስ ቧንቧ ብዙ ነው። የቱ ሥነ ጥበብ፣ የቱ ተራ ፍሳሽ እንደሆነ በምን ይለያል? ክርክሩ ጦፈ። አንዱ በስፋቱ አለ፣ አንዱ በሚሰጠው ስሜት አለ። በመጨረሻ ሻይ የምታቀርብልን ሴት ብርጭቆ እየሰበሰበች «ያኛው ዓይን አለው» አለች። ክርክሩ ቆመ። «ዓይን የተሣለበት ማንኛውም ፍሳሽ የሕዝብ ሀብት ነው፤ መጠገን፣ ማድረቅም ሆነ ማቀዛቀዝ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል መመሪያ ወጣ። የበላይ አካል በጣም ወደደው። ለሌሎች ከተሞች ሁሉ በአርአያነት ተበተነ። ዳይሬክተራችን በየስብሰባው «የዓይን መመሪያው አባት» ተብለው መጠራት ጀመሩ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ አልሞከሩምም።

ልብስ ሰፊዋ ከራሷ ኪስ ቧንቧ ሠራተኛ ይዛ መጣች። ግድግዳው ሥር ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው ጥበቃ ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?»

«ቧንቧ ልጠግን» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«ዝሆን ልትገድል ነዋ!»

«ኧረ ዝሆኑ ቀለም ነው።»

«መመሪያው ላይ ቀለም ነው የሚል የለም። ዓይን አለው ነው የሚለው። ይኸው ያይሃል። መፍቻህን መሬት አስቀምጥ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ዝሆኑ ቀና ብሎ አየ። ዝሆኑም እሱን አየው። መፍቻውን አስቀመጠ። ግማሽ ቀን አቁመው ስሙን፣ ሥራውንና ከዝሆኑ ጋር ያለውን ጠብ ሲጠይቁት ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው በእኛ መንገድ ሲያልፍ መሣሪያውን በኮቱ ውስጥ ይደብቅ ነበር።

ቀጥሎ በጋ ገባ። የከተማው ውሃ ቀነሰ፤ ታንከሩ ጎደለ፤ ዝሆኑ ጠዋትም ማታም ከሳ። ጎኑ ገባ፣ ኩምቢው ቀጠነ። ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳዋ ሲደርቅ አይታ አንድ ቀሚስ ሰቀለች። መሥሪያ ቤታችን ግን በሐዘን ተመታ። ዳይሬክተራችን በመስኮት ወደ ታች እያዩ «እኛ እያለን?» አሉ። ወዲያው ርብርብ ተደረገ። ጉልበት ያለው ፓምፕ ተገጠመ። የአካባቢው ሰው ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፎ ሲጠብቅ የውሃ ቦቴ እየመጣ የእኛን ታንከር ይሞላ ጀመር። ሰልፈኛው ሲያጉረመርም ጥበቃው «ቢያንስ አንዳችን እየጠጣ ነው» ብሎ ዝሆኑን ያሳያቸው ነበር።

ዝሆኑ ከቀድሞው ይበልጥ ወፈረ። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ወለል ውሃ ያዘ። የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ፣ እሷም ሣጥን ላይ ቆማ ትሰፋ ጀመር። አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ሊጠይቃት ሲመጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። እያለቀሰች ነበር። ሴትየዋ በሽሙጥ እንጂ በዕንባ አትታወቅም፤ ስለዚህ ሰውዬው ደነገጠ።

«አክስቴ፣ በቃ። ሄጄ ዓይኑን አጠፋዋለሁ። ዓይን ከሌለው ተራ ፍሳሽ ነው።»

«ያስሩሃል።»

«ይሰሩኛ! እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ።»

«አንተ ያመጣኸው ዓይኑን ነው። ውሃውን ያመጡት እነሱ ናቸው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞ ዝሆኑ ምን አጠፋ? አታጥፋው። ያሳዝናል።»

እዚህ ላይ ተረቱ የሚያልቅ ይመስል ነበር። ነገር ግን የፓምፑን ጉልበት ማንም ግምት ውስጥ አላስገባውም። ቧንቧው ዕድሜው የገፋ ነው፤ ከታች ዝሆን እየመገበ ከላይ ግፊት ሲበዛበት አንድ ቀን በማይጠበቅ ቦታ ላይ ተነፈሰ። ዳይሬክተራችን ስብሰባ እየመሩ ነበር። «ቅንጅታዊ አሠራርን ከላይ እስከ ታች በማስረጽ…» ሲሉ አንድ ጠብታ መሐል ራሳቸው ላይ አረፈች። ራሳቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ሁለተኛዋ መጣች። ሁላችንም ወደ ላይ ቀና አልን። ከወንበራቸው በላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ተዘርግቷል።

«ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩልኝ!» አሉ። «አሁኑኑ!»

በሥራ ዘመኔ ያለ ኮሚቴ የተወሰነ ውሳኔ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ዳይሬክተራችን ሸሚዝ ሊቀይሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ቢሮው ለቧንቧ ሠራተኛው ክፍት ተትቶ ቆየ።

ወሬው ከውሃው ፈጥኖ ምድር ቤት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ልጅ ክንድ ይዛ እየጎተተች በአጠገቤ አለፈች። ሰውዬው ብሩሽ ይዟል። የዳይሬክተራችን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን መረመረ።

«አክስቴ፣ ይሄኛው ዝሆን አይመስልም።»

«ምን ይመስላል?»

«እኔ እንጃ። እንቁራሪት ነገር። ወይ የተቀደደ ካልሲ።»

«ዓይን አለው?»

«የለውም።»

«አድርግለት። ምን እንደሆነ እነሱ በኋላ ይነግሩናል።»

አደረገለት። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ያ ደግሞ ስብሰባ አልነበረም። ስለዚህ ምንም አልያዝኩም።

ዳይሬክተራችን ደረቅ ሸሚዝ ለብሰው ሲመለሱ ቧንቧ ሠራተኛው ከኋላቸው ነበር፤ ያው የፊተኛው። ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ፤ ቀስ ብሎም መፍቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ምን ሆንክ? ውጣ እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ዓይን አለው።»

«ምን?»

«ይኸው ያየኛል። እኔ ሁለተኛ ከዓይን ጋር ነገር አልገባም። ልጆች አሉኝ።»

ዳይሬክተራችን ቀና ብለው አዩ። ፊታቸው ላይ ጠብ ያለውን ውሃ ለመጥረግ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ያን ጊዜ ሠዓሊው ተጠርቶ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉት።

«እስካሁን አላወቅኩም።»

«መነሻ ሐሳብህ ምን ነበር?»

«እንደ በፊቱ ቧንቧው ነው ጌታዬ።»

መመሪያውን መሻር ይቻል ነበር እንዴ? የመመሪያው አባት መመሪያውን ሻሩ ተብሎ ለየከተማው ሊነገር? ዳይሬክተራችን የመርህ ሰው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጃንጥላ ዘርግተው ይሠሩ ጀመር። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በአንድ እጃቸው ማኅተም ይዘው ሲያዩዋቸው ለአገልጋይነት ያላቸው ጽናት ልብ ይነካ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ወጥታ «ጌታዬ፣ የዝናብ ልብስ ልስፋልዎት፤ ልለካዎት እንዴ?» ብላ ብትጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩባት።

ጉንፋን ግን መመሪያ አያነብም። ሲያስነጥሱ ሲያስነጥሱ ከርመው አንድ የዕረፍት ቀን ጥበቃውን ወደ ቤቱ ሸኙትና ቧንቧ ሠራተኛውን በጓሮ በር አስገቡት። ሰውየው ኮርኒሱ ላይ የተሣለውን ዓይን እንዳያይ በፎጣ ተሸፍኖለት ነው የሠራው። የላይኛው ቀዳዳ በአንድ ብሎን ተጠብቆ ቆመ። ነገር ግን ሁለቱም ፍሳሾች ያንድ ቧንቧ ልጆች ናቸው፤ ከላይ የተዘጋው ግፊት ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ ሕንጻውን ሊጥለው ሆነ። የግድ የታችኛውም ቧንቧ በሱቁ በኩል ተቆፍሮ በአዲስ ተተካ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳዋን በእጇ ዳሰሰች። ደረቅ ነበር። ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ሳይሰቀል የከረመ ኮት ሁሉ ሰቀለች፤ ሱቋ ሞላ። ጮክ ብላ ስትስቅ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። ውጭ ደግሞ ዝሆኑ ደርቆ ከጆሮውና ከዓይኑ ሌላ የአሸቦ ጨው መስመር ብቻ ቀረው።

ወሬው ባለሙያዋ ጋ ደረሰና ቡድናቸውን አስከትለው መጡ። መንገዱ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ባለሙያዋ በደረቀው ግድግዳ ፊት ቆሙ።

«ምን ነካው?»

ዳይሬክተራችንን አየኋቸው። ደክሟቸዋል፤ አፍንጫቸው ቀልቷል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሸሚዛቸው ደርቋል። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ግን በሥራ ዘመናቸው አድርገውት የማያውቁትን ነገር አደረጉ። እውነቱን ተናገሩ።

«እመቤቴ፣ ቧንቧ ነበር። ያፈስ ነበር። አስጠገንኩት» አሉ።

 ባለሙያዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትሕትና!»

«አይ፣ የእውነቴን ነው…»

«ሠዓሊው ያለውን ቃል በቃል! እርስዎም ጋ ወረደ ማለት ነው! ሥራው የሥራ ኃላፊውን ሳይቀር ለወጠው!» ጭብጨባ ቀለጠ። ዳይሬክተራችን በጭብጨባው መሐል «ቧንቧ! ቧንቧ ነው የምላችሁ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ በጮኹ ቁጥር ጭብጨባው ባሰ። «ነገር ግን» አሉ ባለሙያዋ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ውሃው ዛሬውኑ ይመለስ።»

«እዚህ አይመለስም» አለ ቧንቧ ሠራተኛው ከሰው መሐል። «አዲስ ቧንቧ ነው የገባው። ግድግዳው ካልፈረሰ ጠብ አይልም።»

ባለሙያዋ አዘኑ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚህ በኋላ ስለ እሷ ስጽፍ እሳቸው ብል ይሻላል። ልብስ ሰፊዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ፎቅ ላይ አንድ አለ» አሉ። «ዓይኑ እንደ ተከፈተ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ብሎን ማላላት ብቻ ነው።»

ሁላችንም ተግተልትለን ወደ ዳይሬክተራችን ቢሮ ወጣን። ባለሙያዋ ከኮርኒሱ ሥር አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልሰው ቆሙ። ምንነቱን የጠየቀ አልነበረም። «የዚህኛውስ መነሻ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አክስቴ ናት» አለ ሠዓሊው።

ባለሙያዋ ማስታወሻቸው ላይ «እናትነት» ብለው ጻፉ። ሌሎቹም ጎብኚዎች እያዩ ገለበጡ። ሠዓሊው እውነቱን እንደ ተናገረ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የገባቸው ዳይሬክተራችን ብቻ ነበሩ።

ቧንቧ ሠራተኛው በባለሙያዋ ትእዛዝ፣ በጥበቃው አጃቢነት፣ ያለ ፎጣ፣ ዓይኑን እያየ ብሎኑን አላላው። የመጀመሪያዋ ጠብታ መንገዷን አልረሳችም። ጎብኚዎቹ አጨብጭበው ወጡ። ዳይሬክተራችን ጃንጥላቸውን ፈለጉ፤ ለካ ከባለሙያዋ ጋር በክብር ስጦታነት ሄዷል። ውሃው አንገታቸው ውስጥ እየገባ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«እናቴ፣ እባክዎ ያንን የዝናብ ልብስ ቶሎ ይስፉልኝ። በስብሼ ልሞት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእርጋታ ጠቀለሉት።

«ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ ጌታዬ። ተይዟል።»

«ማን ጋ?»

«እኛ ጋ» አሉና ወደ ደረቁ ሱቃቸው ወረዱ።